ሶርፍ የቀራ ልጅ የጣልያንኛን ግስ አይፈራም

በዚህ ገጽ ላይ የምንጨዋወተው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዐረብኛና ስለ አማርኛ ነው። ዛሬ ግን ከወትሮው ወጣ ብለን ወደ ጣልያንኛ እንሻገራለን። «ደግሞ ጣልያንኛ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እስቲ ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ በምኖርበት በየካ ሚካኤል አካባቢ ጣልያንኛ መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ፣ ቀበና በኩል፣ የኢጣሊያ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ አለ፤ ነገር ግን ወጣቶቹን ወደ ቋንቋው የሚስባቸው ግቢው አይደለም። አንዷ እናቷ ሮም ናት፤ የሌላው አክስቱ ሚላኖ ትሠራለች፤ ሌላው ደግሞ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር ያስባል። ታዲያ እነዚህ ልጆች ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተገለበጠ ደብተር ይዘው ይመጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት «ቡዎን ጆርኖ» እና «ግራትሲዬ» እያሉ ደስ ብሏቸው ይሰነብታሉ። በሦስተኛው ሳምንት ስድስት መስመር ያለው የግስ ሰንጠረዥ ሲመጣ ግማሾቹ ይጠፋሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፤ «ኡስታዝ፣ ግሱ እየተለዋወጠ አስቸገረን» ይላሉ።

እኔ እንደሚመስለኝ ያስቸገራቸው ግሱ ሳይሆን የመጡበት መንገድ ነው። በእንግሊዝኛ «እናገራለሁ»ም ሆነ «ትናገራለህ»፣ «እንናገራለን»ም ሆነ «ይናገራሉ» ሲባል ግሱ አይነቃነቅም። ለ«እሱ» ወይም ለ«እሷ» ሲሆን ብቻ ጫፉ ላይ አንዲት «ስ» ትጨመራለች፤ በቃ። ጣልያንኛን በእንግሊዝኛ በር የሚገባ ልጅ ግስ በየባለቤቱ ሲለዋወጥ ሲያይ አዲስ መዓት የወረደበት ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ልጅ ገና በአራት ዓመቱ «በላሁ፣ በላህ፣ በላሽ፣ በላ፣ በላች፣ በላን፣ በላችሁ፣ በሉ» ሲል ማንም ሰንጠረዥ አላሳየውም። ስምንቱን ባለቤቶች አንድ ሳይስት ለይቶ ይናገር ነበር።

መድረሳ የገባ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ያልፋል። ሶርፍ የቀራ ሁሉ «ነሶረ፣ ነሶራ፣ ነሶሩ፣ ነሶረት፣ ነሶረታ፣ ነሶርነ…» እያለ አሥራ አራቱን መልክ ሳይተነፍስ ማውረድ ይችላል። ከዚያም ወደ ሙዷሪዕ ዞሮ «የንሱሩ» ብሎ እንደገና አሥራ አራት ያወርዳል። ወንዱ ከሴቷ፣ ሙፍረዱ ከሙሰናው፣ ሙሰናው ከጀምዑ ተለይቷል። ጎረቤቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎችም ቢሆኑ በግእዝ ስምንት አርእስተ ግስ ይዘው ሌሊት ሲያወርዱ ያድራሉ፤ «ግስ ማውረድ» የሚለውን አባባል የወሰድኩትም ከእነሱ ነው። እንግዲህ አሥራ አራት የተሸከመ ትከሻ ስድስት ይከብደዋልን? የጣልያንኛ ግስ በአንድ ጊዜ የሚኖሩት መልኮች ስድስት ብቻ ናቸው። ሙሰና የለውም። «አንተ»ንና «አንቺ»ን በግሱ አይለይም። «ይበላል» እና «ትበላለች» በጣልያንኛ አንድ ቃል ናቸው። ይልቅስ ጣልያናዊው ነው አማርኛ ሲማር ሊጨነቅ የሚገባው!

በመጀመሪያ ስለ መዝገበ ቃላት አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት። በዐረብኛም ሆነ በአማርኛ ግስ የሚታወቀው በሩቅ ወንድ፣ በኃላፊ ጊዜ ነው። «ነሶረ» እንላለን፤ «ነገረ» እንላለን። በጣልያንኛ ግን መዝገበ ቃላቱ የሚጽፈው እኛ «መናገር» የምንለውን፣ ማለትም መስደሩን የሚመስለውን ቅርጽ ነው። ስለዚህ «ፓርላ» የሚል ቃል አንብቦ በዚያው መልክ የሚፈልግ ልጅ አያገኘውም፤ «ፓርላሬ» ብሎ መፈለግ አለበት። ይህ ቅርጽ በደንበኞቹ ግሶች ሁልጊዜ በ«ሬ» ይጨርሳል። ከ«ሬ» በፊት ያለው ድምፅ «ኣ»፣ «ኤ» ወይም «ኢ» ስለሚሆን ግሶቹ በሦስት ቤት ይከፈላሉ፤ «ፓርላሬ» (መናገር)፣ «ቬንዴሬ» (መሸጥ)፣ «ዶርሚሬ» (መተኛት)። የዐረብኛውን ስድስት ባብ ያወቀ ሰው ይህን ሦስት ባብ ብሎ ቢይዘው ያስኬደዋል። ከሦስቱ ሰፊው የመጀመሪያው ቤት ነው። አብዛኛው ግስ የሚገኘው እዚያ ነው፤ አዲስ የሚፈጠር ግስም የሚገባው እዚያው ነው። ቴሌፎን ሲመጣ «ቴሌፎናሬ» ተባለ፤ መደወል ማለት ነው።

አወራረዱ እንዲህ ነው። «ፓርላሬ» ከሚለው «ኣሬ»ን ስንቆርጥ «ፓርል» ይቀራል። ይህ ግንድ ነው፤ ከእንግዲህ አይነካም። በአማርኛ «ነገረ፣ ይናገራል፣ ተናግሮ» ስንል ከሥሩ የማይለወጡት ተነባቢዎቹ ን፣ ግ፣ ር ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አናባቢ ግን ይገለባበጣል። ዐረብኛም እንዲሁ ነው። በጣልያንኛ ደንበኛ ግስ ግን ግንዱ እንዳለ ቆሞ ጅራቱ ብቻ ይለዋወጣል። ከፊቱ የሚጨመር የለም፤ የእኛን «እ፣ ት፣ ይ፣ እን»ም ሆነ የዐረብኛውን «አ፣ ተ፣ የ፣ ነ» የሚመስል መነሻ አያውቅም።

ፓርሎ (እናገራለሁ)፣ ፓርሊ (ትናገራለህ፣ ትናገሪያለሽ)፣ ፓርላ (ይናገራል፣ ትናገራለች)፣ ፓርሊያሞ (እንናገራለን)፣ ፓርላቴ (ትናገራላችሁ)፣ ፓርላኖ (ይናገራሉ)።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እኛ በመድረሳ የምንጀምረው ከጓኢቡ፣ ከ«እሱ» ነው፤ ጣልያኖች የሚጀምሩት ከሙተከሊሙ፣ ከ«እኔ» ነው። ቅደም ተከተሉ ስለተገለበጠ ብቻ ግራ የተጋባ ተማሪ አጋጥሞኛል። በተረፈ «ፓርላኖ» ሲባል ድምፁ የሚረገጠው «ፓ» ላይ ነው እንጂ «ላ» ላይ አይደለም። «ፓርላቴ» እና «ፓርሊያሞ» ግን መካከላቸው ላይ ይረገጣሉ። ይህን ከሰው አፍ ሰምቶ መያዝ ይሻላል፤ ወረቀት አያስተምረውም።

ሌላው የምንጠቀምበት ነገር ተውላጠ ስሙ ነው። በአማርኛ «ነገ እሄዳለሁ» ስንል «እኔ» ማለት አያስፈልገንም፤ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ይናገራል። ዐረብኛም እንደዚሁ ነው፤ «ነሶርቱ» ላይ «አነ» አይጨመርም። ጣልያንኛም እንደ እኛ ነው፤ «ፓርሎ» ካሉ «ኢዮ» (እኔ) ማለት አይገባም፣ ሰውየው «እኔ ነኝ የምናገረው» ብሎ ለማጉላት ካልፈለገ በስተቀር። በእንግሊዝኛ በር የገቡት ልጆቻችን ግን በየዓረፍተ ነገሩ «ኢዮ፣ ኢዮ» ይላሉ። ሰምታችሁ ከሆነ በአማርኛ «እኔ በላሁ፣ እኔ ተኛሁ፣ እኔ ሄድኩ» እያለ የሚያወራ የውጭ አገር ሰው ይመስላል። ደግሞም «ፓርሎ» ልክ እንደ «እናገራለሁ» የአሁኑንም፣ የልማዱንም፣ የነገውንም ይይዛል። «ዶማኒ ፓርሎ» ቢሉ «ነገ እናገራለሁ» ነው። አማርኛ የሚያስብ ሰው ይህ ሳይነገረው ይገባዋል።

አሁን ወደ ጋራዥ እንግባ። ማኪና ሥር ተኝቶ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ጣልያንኛ እንደማያውቅ ይምላል። ነገር ግን «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ይላል። «ካቻ» ማለት «ካቻሬ» (ማባረር፣ መግፋት) ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ «ቪቴ» ደግሞ ብሎን መሰል ጥርስ ያለው ምስማር ነው። «ፓራፋንጎ» ይላል፤ «ፓራሬ» መመከት ነው፣ «ፋንጎ» ጭቃ ነው፤ ስለዚህ «ጭቃ ይመክታል» ማለቱ ነው። ጣራ ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ «ፖርቶመጋላ» ይለዋል፤ በእኛ አፍ ተለውጦ ነው እንጂ ጣልያኑ «ፖርታ» (ይሸከማል) እና «ባጋሊ» (ጓዝ) ነው። ማኪናውን ለማሳጠብ ወደ «ላቫጆ» ይሄዳል፤ ከ«ላቫሬ» (ማጠብ) የወጣ ስም ነው። አዛውንቶቻችን ጨዋታ ሲበዛባቸው «ባስታ!» ይላሉ፤ «ባስታሬ» (መብቃት) ለሩቅ ወንድ ሲወርድ ነው፤ «ይበቃል»። እንግዲህ ካቻ፣ ፓራ፣ ፖርታ፣ ባስታ፤ ሁሉም በ«ኣ» ይጨርሳሉ፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ቤት ናቸው። («ካቻቢቴ» ውስጥ ያለው ግስ ትእዛዝ ነው ወይስ ሦስተኛ መደብ የሚለውን የቋንቋ ሰዎች ይከራከሩበታል፤ በዚህ ቤት ሁለቱ በመልክ አንድ ስለሆኑ እኛን አያጣላንም።) ልጁ «ፖርታ»ን ካወቀ «ፖርቶ፣ ፖርቲ፣ ፖርታ፣ ፖርቲያሞ፣ ፖርታቴ፣ ፖርታኖ» ለማለት ምን ቀረው?

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቤት ብዙ የሚያስወራ ነገር የላቸውም። ለ«እኔ» በሦስቱም ቤት «ኦ» ነው፤ ለ«አንተ» በሦስቱም «ኢ» ነው፤ ለ«እኛ» በሦስቱም «ኢያሞ» ነው። ስለዚህ ከስድስቱ ግማሹ አንድ ጊዜ ከተያዘ አለቀ። ለ«እናንተ» ደግሞ የመስደሩን «ሬ» አንስቶ «ቴ» መተካት ብቻ ነው፤ ፓርላሬ ፓርላቴ፣ ቬንዴሬ ቬንዴቴ፣ ዶርሚሬ ዶርሚቴ። የሚቀሩት «እሱ» እና «እነሱ» ናቸው፤ በመጀመሪያው ቤት «ኣ» እና «ኣኖ» የነበሩት በሁለቱ ቤቶች «ኤ» እና «ኦኖ» ይሆናሉ። ቬንዴ፣ ቬንዶኖ፤ ዶርሜ፣ ዶርሞኖ።

በሦስተኛው ቤት ውስጥ ግን አንድ ራሱን የቻለ ጎራ አለ። «ፊኒሬ» (መጨረስ) እና «ካፒሬ» (መረዳት) በግንዱና በጅራቱ መካከል «ኢስክ» የሚል ነገር ያስገባሉ። ፊኒስኮ፣ ፊኒሺ፣ ፊኒሼ፤ ከዚያ ለ«እኛ» እና ለ«እናንተ» ጣልቃ ገቡ ይጠፋና ፊኒያሞ፣ ፊኒቴ ይሆናል፤ ለ«እነሱ» ተመልሶ መጥቶ ፊኒስኮኖ ይላል። የትኛው ግስ እንዲህ እንደሚሆን ከመልኩ ብቻ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ ግሱን ሲይዙ አብሮ መያዝ ነው። በሶርፍም ቢሆን የትኛው ግስ በየትኛው ባብ እንደሚወርድ ከአንደበት ሰምተን እንጂ ፈጥረን አልያዝነውም። ሌላው ጥቃቅን ነገር የአጻጻፍ ነው። «ቼርካሬ» (መፈለግ) ለ«አንተ» ሲወርድ «ቼርኪ» ነው፤ ጸሐፊው «ቼርቺ» ተብሎ እንዳይነበብበት «አካ» የምትባለዋን ፊደል ይጨምራል። ጆሮ የሚሰማው ግን ፍጹም ደንበኛ ግስ ነው።

ይህን ሁሉ የማትተው ለፈተና ብቻ ብዬ አይደለም። ከተማሪዎቼ የአንዷ እናት ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት እየተንከባከበች የምትኖር ናት። ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው ጣልያኖች «ባዳንቴ» ይሉታል፤ «ባዳሬ» (መንከባከብ፣ መጠበቅ) ከሚለው የመጀመሪያው ቤት ግስ የወጣ ነው፤ በእኛ አነጋገር ኢስሙል ፋዒል ነው፤ ከ«ከተበ» «ካቲብ» እንደሚወጣ ማለት ነው። እናትየው የሚነገራትን ሁሉ ትሰማለች፤ ገበያውንም፣ መድኃኒቱንም፣ አውቶቡሱንም ታውቃለች። ስትናገር ግን ግስ አታወርድም፤ «ማንጃሬ»፣ «ዶርሚሬ»፣ «ላቮራሬ» እያለች መስደር በመስደር ላይ ትደረድራለች። አንድ ቀን አሮጊቷን ይዛ ሐኪም ዘንድ ትቀርብና «ማንጃሬ ኖ፣ ዶርሚሬ ኖ» ትላለች፤ «መብላት የለም፣ መተኛት የለም»። ሐኪሙ ወደ እርሷ ዞሮ ከመቼ ጀምሮ እንቅልፍ እንዳጣች ይጠይቃት ጀመር! «ኖን ማንጃ፣ ኖን ዶርሜ» ብትል ኖሮ «አትበላም፣ አትተኛም» በመሆኑ ሐኪሙ ወደ አሮጊቷ በዞረ ነበር። «ኖን ማንጆ፣ ኖን ዶርሞ» ብትል ደግሞ «አልበላም፣ አልተኛም» ነው። ይህን በስልክ እየሳቀች ከነገረችኝ በኋላ ድምፅዋ ተለወጠና «ኡስታዝ፣ አደራዎን፣ ልጄን እንደ እኔ እንዳትናገር አድርገው ያስተምሩልኝ» አለችኝ።

እናትየዋ ግን በዚህ አነጋገር የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ ጥፋቱም የእርሷ አይደለም። ይህ ያልታጠፈ ጣልያንኛ በአገራችንና በኤርትራ ረጅም ታሪክ አለው። ሀብተ ማርያም ማርቆስ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1976 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በታተመው ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች በሚያወሳ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ስለዚሁ ቀለል ስላለ ጣልያንኛ አንድ ምዕራፍ ጽፈዋል። በኤርትራ በቅኝ ግዛቱ ዘመን ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተደርጎ ነበር። በእኛም አገር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ብዙው ሰው ቋንቋውን የሰማው በመንገድ ሥራ፣ በወጥ ቤት፣ በጋራዥ ነው። በዚያ ላይ ጣልያኖች ቋንቋቸውን የማያውቅ ሰው ሲያናግሩ እነሱ ራሳቸው ግሱን ሳያወርዱ በመስደር የመናገር ልማድ አላቸው፤ «ቱ ላቮራሬ»፣ «አንተ መሥራት» እንደማለት ነው። እንግዲህ ሠራተኛው የሰማውን መለሰ። አልቻለም የሚባለው ያልሰጡትን ነው። «ፓርላሬ»ን ወደ «ፓርሎ» ለማውረድ አእምሮ ያንሰዋል እንዳይባል፣ ይኸው ሰው ቤቱ ገብቶ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ከዚያ እጥፍ የሚከብድ ግስ ሲያወርድ ያመሻል፤ መድረሳ የገባ ከሆነም በዐረብኛ አሥራ አራቱን ያወርዳል።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ወረቀትም ይጠይቃል። ኢጣሊያ ውስጥ የረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ የሚፈልግ የውጭ ዜጋ ከእ.ኤ.አ. 2010 ማብቂያ ጀምሮ የቋንቋ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ይኸውም «ኣ ዱዌ» በሚባለው ደረጃ ነው። ለዜግነት ደግሞ ከ2018 ማብቂያ ወዲህ ከፍ ያለው «ቢ ኡኖ» ይጠየቃል። ሁለቱም ደረጃዎች ያለ ግስ እርባታ አይታለፉም፤ በመጀመሪያው እንኳ ቀላል ደብዳቤ ወይም ቅጽ መጻፍ አለ።

ለቤተሰብ መጽሔት አንባቢ ሳልነግረው የማላልፈው የአደብ ነገርም አለ። እኛ ለታላቅ ሰው «እርስዎ ይናገራሉ» ወይም እንደ ወሎዎች «አንቱ ይናገራሉ» ስንል ግሱ የ«እነሱ» ነው፤ አንዱን ሰው እንደ ብዙ ቆጥረን እናከብረዋለን። ጣልያኖች ደግሞ የሚያከብሩትን ሰው በ«እሷ» ግስ ያናግሩታል። «ሌይ ፓርላ» ይሉታል፤ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ ቢሆንም «ሌይ» ነው። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ነገር ግን ሥርዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ አጠገብህ ያለውን የተከበረ ሰው ፊት ለፊት «አንተ» ከማለት ራቅ አድርገህ በሩቅ ሰው ግስ ታናግረዋለህ። ሙሶሊኒ ይህን «ሌይ» አልወደደውም። እ.ኤ.አ. በ1938 ፓርቲው የባዕድ ልማድ ነው ብሎ በ«ቮይ» (እናንተ) እንዲተካ አዘዘ፤ «ሌይ» የሚባል አንድ የሴቶች መጽሔት እንኳ በዚያው ዓመት ስሙን «አናቤላ» ብሎ ለመለወጥ ተገደደ። የመጽሔቱ ስም «እሷ» ማለት እንጂ «እርስዎ» ማለት አልነበረም! ፋሺስቱ ሲወድቅ «ሌይ» ተመለሰ። ስለዚህ ከአያት የቀረ አሮጌ መጽሐፍ ይዞ የሚማር ልጅ በውስጡ «ቮይ» ቢበዛበት አይገረም።

በትእዛዝ ጊዜ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ቤት ለ«አንተ» የሚነገረው ትእዛዝ በ«ኣ»፣ ለ«እርስዎ» የሚነገረው በ«ኢ» ይጨርሳል። «አስፔታ» ጠብቅ ነው፤ «አስፔቲ» ይጠብቁ ነው። «ስኩዛ» ይቅርታ አድርግልኝ ነው፤ «ስኩዚ» ይቅርታ ያድርጉልኝ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤት ተገልብጦ «ሴንቲ» ስማ፣ «ሴንታ» ይስሙ ይሆናል። አንዲት አናባቢ ናት። ነገር ግን ቢሮ ገብቶ መስኮት ላይ ላለች የእናቱ እኩያ ለሆነች ሴት «ስኩዛ» የሚል የሃያ ዓመት ወጣት፣ በእኛ አገር አንዲትን እናት «አንቺ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» እንዳለ ይቆጠራል። አላዋቂ መሆኑን አይተው ይተዉት ይሆናል፤ በልባቸው ግን ያልታረመ ነው ይሉታል። ባለጌ ሳይሆኑ ባለጌ መምሰል ያሳዝናል።

አጠናኑን በተመለከተ ከመድረሳው የተሻለ ዘዴ እኔ አላየሁም። ሰንጠረዡን በቀለም አስጊጦ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ፣ ጮክ ብሎ ማውረድ ይበልጣል። መጀመሪያ ከ«እኔ» ወደ «እነሱ»፤ ቀጥሎ ከ«እነሱ» ወደ «እኔ»፤ ከዚያ ጓደኛ በአማርኛ እያሰባጠረ ይጠይቅ። «እንሠራለን!» ሲል «ላቮሪያሞ»፤ «ትሠሪያለሽ!» ሲል «ላቮሪ»፤ «ይሠራሉ!» ሲል «ላቮራኖ»። («ላቮሮ» ብቻውን ሲመጣ «እሠራለሁ»ም ነው፣ «ሥራ» የሚል ስምም ነው፤ ከንግግሩ ይለያል።) ጥያቄው በእንግሊዝኛ አይሁን። በእንግሊዝኛ ከተጠየቀ «አንተ»ና «እናንተ» ይደባለቁበታል፤ በአማርኛ ግን «ትሠራላችሁ» ከተባለ «ላቮራቴ» ከማለት ሌላ መንገድ የለውም። አንድ ግስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ ሦስቱን ቤት ማዳረስ ይቻላል።

ለዚህ ወር አራት ግሶች እሰጣችኋለሁ፦ «አቢታሬ» (መኖር)፣ «ቬንዴሬ» (መሸጥ)፣ «ሴንቲሬ» (መስማት)፣ «ካፒሬ» (መረዳት)። የመጨረሻው ከ«ፊኒሬ» ጎራ መሆኑን አትርሱ። በሚቀጥለው ወር ኢንሻ አላህ ከደንቡ ያፈነገጡትን፣ «ኤሴሬ» (መሆን) እና «አቬሬ» (መኖር፣ ለእኔ አለኝ እንደምንለው) የተባሉትን እናያለን፤ እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ኃላፊውን ጊዜ መናገር ስለማይቻል። እስከዚያው ወሰላሙ ዐለይኩም።